ገጽ 41ን ይክፈቱልኝ፦ ለአካዳሚክ ምክትል ዲን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተማርኩበት ተቋም አካዳሚክ ምክትል ዲን
ጅማ

ክቡር ምክትል ዲን፣

ቢሮዎ ሦስት ጊዜ መጥቻለሁ። የመመረቂያ ጥናቴ በሌላ ተማሪ ስም ተገልብጧል ብዬ ሁለት ማመልከቻ መዝገብ ቤት አስገብቻለሁ። የመጀመሪያው ለትምህርት ክፍሉ ተመርቷል ተባልኩ፤ ክፍሉ ደግሞ መልሶ ወደ እርስዎ ላከኝ። በመጨረሻው ቀን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ኮሪደር ላይ ቆሜ ተመለስኩ። ስለዚህ በአደባባይ እጽፍልዎታለሁ።

ጉዳዩን ያውቁታል፤ የማያውቅ እንዲያውቀው ልድገመው። የመመረቂያ ጥናቴን የሠራሁት ማና ወረዳ ነው። ከጅማ ወደ ወረዳው ከተማ ወደ የቡ በሚኒባስ እየተመላለስኩ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች በአማርኛ የጻፉትን ድርሰት አንድ በአንድ አርሜያለሁ። አብዛኞቹ አፋቸውን የፈቱት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ ለመለየት አጠገባቸው ቁጭ ብዬ የጻፉትን አስነብቤያቸዋለሁ። 63 ድርሰት ነበር። ሠንጠረዡን በእጄ ነው የሞላሁት።

ባለፈው ዓመት ከዚያው ክፍል አንድ ተማሪ «በጎማ ወረዳ» ሠራሁት ባለው ጥናት ተመረቀ። ሠንጠረዡ የእኔ ነው፤ ተማሪዎቹም 63 ናቸው። ገጽ 41 ላይ ስደርስ «ጎማቸውም ተማሪዎች ከጥናቱ ራሳቸውን ማግለል ይችላሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር አገኘሁ። ደጋግሜ አነበብኩት። እኔ የጻፍኩት «ማናቸውም ተማሪዎች» ብዬ ነው። ፋይሌ ውስጥ «ማና» የሚለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ «ጎማ» ሲቀይር «ማናቸውም»ም አብሮ ተቀየረ። አማካሪውና ፈታኞቹ ይህን አሳልፈው ፈርመዋል።

ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን ጠረጴዛዎ ላይ ሳስቀምጥ «ሶፍትዌሩ 8 በመቶ ብቻ ነው ያሳየው» አሉኝ። የጽሑፍ መመሳሰልን የሚለካ ሶፍትዌር የሚያነጻጽረው የመረጃ ቋቱ ውስጥ ካለው ጽሑፍ ጋር ነው። የእኔ ጥናት በወረቀት ተጠርዞ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፤ ከየት ያገኘዋል? ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ቃላት መመሳሰል እንጂ ስለ ስርቆት አይደለም። በአግባቡ የተጠቀሰ ጥቅስ ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ ከእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ምንጩ የተደበቀ ምዕራፍ ግን ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። መፍረድ ያለበት ሰው ነው፤ እዚህ ደግሞ ያ ሰው እርስዎ ነዎት።

ከዚያ «ልጁ ተመርቋል፤ ተነጋግራችሁ ጨርሱት» አሉኝ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከሌላው ሥራ መጥቀስን ይፈቅዳል፤ ምንጩና የደራሲው ስም ይገለጽ ነው የሚለው። ሥራዬን ቢጠቅሰው ደስ ይለኝ ነበር። እንቅልፍ የነሳኝ ግን የእኔ ስም መቅረት ብቻ አይደለም። የማና ልጆች ስህተት ዛሬ የጎማ ልጆች ስህተት ተብሎ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ነገ ጎማ አካባቢ፣ አጋሮ የሚመደብ አንድ መምህር ያንን አምኖ ትምህርቱን ቢያዘጋጅስ?

በዚያው ዓመት አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ከመጽሐፍ የወሰደችውን ሁለት አንቀጽ አንዳንድ ቃል ቀይራ በማስገባቷ ኤፍ ተሰጣት። መጽሐፉን ዋቢዎቿ ውስጥ ጽፋዋለች፤ አንቀጾቹ ግርጌ ግን ምንጭ አልጠቀሰችም። ጥፋት ነው፣ አልክድም። ግን ቃል መቀያየር ብቻውን የራስ አነጋገር እንደማያደርገው ማንም አላስተማራትም። ቤቴ ቡና እየጠጣን ግማሽ ሰዓት ነው የፈጀብኝ፦ አንብቢ፣ መጽሐፉን ዝጊ፣ የገባሽን በራስሽ ቋንቋ ጻፊ፣ ያኔም ምንጩንና ገጹን አስቀምጪ። ይህን ግማሽ ሰዓት እናንተ ተማሪው በገባበት ሳምንት መስጠት ትችላላችሁ። እሷ ኮርሱን እየደገመች ነው። እሱ ጋዎን ለብሶ ፎቶ ተነስቷል።

ሁለቱም ጥናቶች እጅዎ ላይ ናቸው። ገለልተኛ አንባቢ ይመደብና ይመርምራቸው፤ ውሳኔውም በጽሑፍ ይሰጠኝ። ማመልከቻዎቼ አሁንም መዝገብ ቤት አሉ።

የቀድሞ ተማሪዎ