ላይብረሪ በር ላይ የሚመለሰው ማነው?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ ላይ አንድ ጸሐፊ ላይብረሪ የማንበቢያ ቦታ ነው እንጂ የእርዳታ ድርጅት አይደለም፣ ስልክ ቻርጅ ሊያደርግ፣ ፎርም ሊያስሞላ፣ ከብርድ ሊጠለል የሚገባው ሰው አንባቢውን በጫጫታ አስመርሮታል፣ ላይብረሪያኖችስ ሁሉን ይሸከሙ ወይ ብለው ነበር። ምሬቱ እውነት ነው፣ እኔም ወንበር አጥቼ ቆሜ ያነበብኩበት ቀን አለኝ። መደምደሚያቸው ግን ስላልተዋጠልኝ የበኩሌን ልበል ብዬ ነው።

ላይብረሪ ሰውን የሚያርቅበት መንገድ ብዙ ነው፣ ከራሴ ልጀምር። ስምንተኛ ክፍል እያለሁ የተዋስኩት መጽሐፍ ዝናብ ገባበት፣ ቦርሳዬ ቀዳዳ ነበር፣ ቤት ስደርስ ገጾቹ ተጣብቀው አብጠዋል። በካውያ አደርቃለሁ ብዬ ጭራሽ ሽፋኑን አኮማተርኩት። ይዤው ብሄድ ይቀጡኛል ብዬ ቁም ሳጥን ላይ ደበቅኩት፣ ከዛ በየቀኑ ቅጣቱን በልቤ እደምራለሁ፣ አንድ ሰሞን ላይ መደመሩም ሰለቸኝና በዛው ቀረሁ። ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ድረስ ላይብረሪ ደጃፍ አልረገጥኩም። እነሱም መጽሐፋቸውን አላገኙ፣ እኔም አራት ዓመት ሙሉ ሳላነብ ቀረሁ፣ ማን ተጠቀመ?

የቺካጎ ከተማ ላይብረሪ በፈረንጆቹ 2019 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በፈረንጆቹ ናቸው) የመዘግየት ቅጣትን ሲያስቀር ካርዳቸው ከታገደባቸው 5 ሰዎች አንዱ ከ14 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እንደነበር ተናግሯል። ይሄን ሳነብ ያ ቁም ሳጥን ነው ትዝ ያለኝ። ቅጣቱ ሲቀር ደሞ ስንት ዘመን የቆዩ መጻሕፍት መመለስ ጀመሩ፣ ኒው ዮርክም በ2021 ተከተለች። በነገራችን ላይ የኔ የራሰው መጽሐፍ እዛም ቢሆን ነጻ አይወጣም፣ የጠፋና የተበላሸ ይከፈልበታል። ግን እሱን አንዴ ከፍለህ ትገላገላለህ፣ ቀን በቆጠረ ቁጥር የሚያድገው ነው ሰው የሚያስጠፋው። ደሞ ገንዘብ ያለው ሰው ቅጣት አይፈራም፣ ከፍሎ ይቀጥላል፣ የሚጠፋው የሌለው ነው።

አሁን ወደ ፎርሙ ጉዳይ። ከወር በፊት አንድ ላይብረሪ (ስሙ ይቆይ) ኮምፒውተር ክፍል ቁጭ ብያለሁ፣ አጠገቤ ስልሳ የሚያልፋቸው አባት፣ ፓስወርዳቸው በልጃቸው እጅ ብጣሽ ወረቀት ላይ ተጽፎላቸዋል፣ የጡረታ ፎርም ኦንላይን ካልሆነ አንቀበልም ተብለው ነው የመጡት። ማውሱን እየገፉ እየገፉ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ሲደርሱ ቀጥ ይላሉ፣ አንስቶ መመለስ እንደሚቻል ማንም አልነገራቸውም። የላይብረሪዋን ሠራተኛ ልጅ ጠሯት።

«አባባ፣ እኛ ፎርም አንሞላም፣ እዚህ ማንበብ ብቻ ነው» አለቻቸው።

«እኔም እኮ ልጄ ማንበቡ አላቃተኝም፣ የቱን እንደምነካ ነው።»

ልጅቷ ክፉ አይደለችም፣ ብቻዋን ናት፣ መጽሐፍ ማዋሱም መቀበሉም ፕሪንተሩም እሷው ላይ ነው። ጥፋቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፣ ቢሮዎች መስኮታቸውን ዘግተው ሁሉንም ኦንላይን ሲያደርጉት ኮምፒውተር የሌለው ሰው የት ይሂድ ብሎ የጠየቀ የለም፣ ያለ ክፍያ የሚገባበት በር ደሞ የቀረው ላይብረሪ ስለሆነ እዛ መጣ። ላይብረሪው ፈልጎ አይደለም፣ ግን መጥቷልና ምን ይደረግ? የሳን ፍራንሲስኮ ላይብረሪ በ2009 የሶሻል ዎርክ ባለሙያ ቀጠረ፣ ላይብረሪያኗ የመጽሐፍ ሥራዋን ትሰራለች፣ ቤት የሌለውንና የተቸገረውን ባለሙያው ያነጋግራል። ጸሐፊው ላይብረሪያኖች ሁሉን ይሸከሙ ወይ ብለው የጠየቁት እኮ መልስ አለው፣ አይሸከሙ፣ ሰው ይጨመር።

ጫጫታውም ቢሆን መላ አለው። ፊንላንድ፣ ሄልሲንኪ በ2018 የተከፈተው ኦዲ የሚባል ላይብረሪ ታች ወሬው ካፌው፣ መሃል ላይ የልብስ ስፌት ማሽን ሳይቀር ያለበት ወርክሾፕ፣ መጻሕፍቱ ደሞ ላይኛው ፎቅ ናቸው። እንደዛ አይነት ህንጻ ሁሉም ጋ አይሰራም፣ አውቃለሁ። ግን አንድ የሚዘጋ ክፍልና በር ላይ የሚለጠፍ ሰዓት ማን ያቅተዋል?

ይሄ ሁሉ ደሞ የኔ ፈጠራ አይደለም። ዩኔስኮ በ1949 ያወጣውና በ2022 እንደገና የታደሰው የሕዝብ ላይብረሪ ማኒፌስቶ አገልግሎቱ ለሁሉም እኩል ይሁን ይላል፣ በመርህ ደረጃም በነጻ፣ ሆስፒታል የተኛው፣ እስር ቤት ያለው፣ አካል ጉዳተኛው ሁሉ ተጠቅሷል። የ2013ቱ የማራካሽ ስምምነት ደሞ ላይብረሪዎች ለዓይነ ስውራን መጽሐፍን በብሬይልና በድምጽ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ እንዲያዘጋጁ መንገድ ከፍቷል። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ነው፣ እኔ ያልኩት ላይብረሪ መግቢያ ላይ ግን ሰባት ደረጃ አለ፣ መደገፊያ ብረት እንኳ የለውም።

የአባባን ፎርም አብረን ሞላን፣ አርባ ደቂቃ ፈጀብን። ሲጨርሱ ይሄዳሉ ብዬ ስጠብቅ ጋዜጣ መደርደሪያው ጋ ሄደው መነጽራቸውን አድርገው ተቀመጡ፣ ጸሐፊው አንባቢን ያባርራሉ ካሏቸው ሰዎች አንዱ ማለት ነው እንግዲህ። ቆየት ብለው መጽሐፍ ለመዋስ ካርድ ጠየቁ። መታወቂያ አሳዩ፣ የአድራሻ ማረጋገጫ ተባሉ፣ የሚኖሩት ልጃቸው ጋ ስለሆነ ቤቱም የክፍያ ደረሰኙም በሳቸው ስም አይደለም። «እሺ፣ ከልጄ ጋር ልመካከር» ብለው ብጣሽ ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወጡ። እኔ በሳምንት ሶስት ቀን እሄዳለሁ፣ ከዛ ወዲህ አላየኋቸውም።

የዘወትር አንባቢያችሁ