ግልጽ ደብዳቤ ለጤና ሚኒስቴር፦ በክትትል ካርዱ ላይ የኩላሊት ውጤትም ይጻፍ

ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ክትትል ያላቸው ዜጎች በጤና ጣቢያ ደረጃ የኩላሊት ምርመራ እንዲያገኙ ስለመጠየቅ

በኩላሊት እጥበት ክፍል በነርስነት የማገለግል ባለሙያ ነኝ። የምጽፈው ተጨማሪ የእጥበት ማሽን እንዲገዛ ለማሳሰብ አይደለም። ማሽኑ ማስፈለጉ ባይካድም፣ ወደ እኛ ከሚመጡት ሕሙማን ብዙዎቹ ከዓመታት በፊት በሰፈራቸው ጤና ጣቢያ ሊደረስላቸው ይችል ነበር።

አዲስ ታካሚ ሲመጣ የክትትል ካርዱን እጠይቃለሁ። በየቀጠሮው የተለካው ግፊት፣ የታዘዘው የግፊት መድኃኒት (ኢናላፕሪል ወይም ኒፌዲፒን)፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ በሥርዓት ተጽፎ አገኛለሁ፤ የኩላሊትን አሠራር የሚያሳዩት የክሪያቲኒን (የደም ምርመራ) እና የሽንት ፕሮቲን ውጤቶች ግን ብዙ ጊዜ የሉም። ሰውየው ቀጠሮውን አላጓደለም፣ መድኃኒቱንም አልተወም፤ የኩላሊቱን ነገር ያነሳለት ግን አልነበረም። ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ደግሞ ድምፁን አጥፍቶ የሚሄድ በመሆኑ፣ ፊትና እግር እስኪያብጥ፣ ማቅለሽለሽና የትንፋሽ ማጠር እስኪመጣ ድረስ ታማሚው ደኅና ነኝ ብሎ ሥራውን ይሠራል፤ ምልክቱ ጎልቶ ሲወጣ አብዛኛው የኩላሊቱ አቅም አብሮት አልቋል።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ መሥሪያ ቤታችሁ ያውቀዋል። እጥበት በሳምንት 3 ጊዜ፣ በእያንዳንዱም 4 ሰዓት ያህል መደረግ ሲገባው፣ ገንዘብ ያጠረው ቤተሰብ ወደ 2 ያወርደዋል፤ አንዳንዱም ወደ 1። የታማሚውን ፎቶ ለጥፎ በድምፅ ማጉያ እርዳታ የሚለምነው መኪና የአዲስ አበባን ነዋሪ ማስገረም ካቆመ ቆይቷል፤ ይህን መልመዳችን በራሱ ያሳስበኛል። በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው ንቅለ ተከላ ትልቅ እመርታ ቢሆንም፣ ፈቃደኛና ተስማሚ ለጋሽ ዘመድ ለሌለው ሰው በሩ ዝግ ሆኖ ቆይቷል።

የምጠይቀው ውድ ነገር አይደለም። ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ማንኛውም ሰው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ሽንቱ በስትሪፕ (በሽንት መመርመሪያ ወረቀት) እንዲታይ፣ ክሪያቲኒኑም እንዲለካ፣ ውጤቱም በካርዱ ላይ እንዲሰፍር መመሪያ ይውረድ፤ መመሪያው ወርዶ ከሆነም አፈጻጸሙ ይፈተሽ። ሽንቱ ውስጥ ፕሮቲን የታየበት ሰው ግፊቱና ስኳሩ በጥብቅ ቢያዝለት፣ ኢናላፕሪልን የመሰሉ መድኃኒቶችም በተገቢው መጠን ቢሰጡት፣ የሕመሙ ግስጋሴ ለዓመታት ሊዘገይ ይችላል። መመሪያ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ለምርመራ ተልኮ «ሪኤጀንት (የምርመራ ኬሚካል) አልቋል» ተብሎ የሚመለስ ታካሚ ብዙ ነውና አቅርቦቱ አብሮ ይታሰብ። ለወገብና ለጉልበት ሕመም ዳይክሎፌናክ ያለ ማዘዣ የሚሸጡ መድኃኒት ቤቶችም ቁጥጥር ያስፈልጋቸዋል፤ አቅሙ በደከመ ኩላሊት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በየዕለቱ እናያለን።

የዓለም ጤና ጉባኤ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ስለ ኩላሊት ጤና ውሳኔ አጽድቋል። መሥሪያ ቤታችሁ ይህን ውሳኔ በጤና ጣቢያዎች መቼና በምን በጀት እንደሚተገብር ለሕዝብ እንዲያሳውቅ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንዲት የእጥበት ክፍል ነርስ