ኤምቢኤው ስቴም ነው ሲሏችሁ ኮዱን እዩ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

አሜሪካ ስላሉት "ስቴም" (ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ኢንጂነሪንግና ሂሳብ) የተባሉ የቢዝነስ ዲግሪዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ጥሩ ነው፣ ግን ዋናው ነገር ሳይነገር አለፈ። ለሥራ ይጠቅማል ብላችኋል። ለማን?

የምጽፈው ጣጣው እኔም ቤት ስለገባ ነው። እኔ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ የእህቴ ልጅ ደግሞ አዲስ አበባ። ሁለት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ተቀበሉትና የሁለቱንም አይ-20፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲው ለተማሪ ቪዛ የሚሰጠውን ወረቀት፣ በቴሌግራም ላከልኝ። "ጋሼ፣ ያው ሁለቱም ኤምቢኤ አይደል፣ ርካሹን ልያዝ" አለኝ። እኔም መጀመሪያ እንደዛው ነበር ያሰብኩት። ከዚያ መነጽሬን አድርጌ የትምህርቱ ዓይነት ከነኮድ ቁጥሩ የተጻፈበትን መስመር ፈለግኩ። ርካሹ ላይ 52.0201 ይላል። ውዱ ላይ 52.1301። የመጀመሪያው ተራ ቢዝነስ አስተዳደር ነው። ሁለተኛው ማኔጅመንት ሳይንስ የሚሉት ሲሆን የአሜሪካ መንግሥት በስቴም ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። በነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መሀል ሁለት ዓመት አለ።

እንዴት መሰላችሁ፣ በኤፍ-ዋን የተማሪ ቪዛ ተምሮ የጨረሰ ሰው ኦፒቲ በሚባለው ፈቃድ 12 ወር በተማረበት ሙያ መሥራት ይችላል። ዲግሪው ስቴም ከሆነ 24 ወር ይጨመርለታል (እስከ እ.ኤ.አ. 2016 ድረስ ጭማሪው 17 ወር ብቻ ነበር)። ይሄ ትልቅ ነገር የሆነው ኤች-ዋን-ቢ በሚባለው የሥራ ቪዛ ዕጣ ምክንያት ነው። በዓመት 65,000 ቦታ አለ፣ እዚሁ ማስተርስ ለሠሩ ደግሞ 20,000 ተጨማሪ፣ ምዝገባው በየዓመቱ ማርች ላይ። አንድ ዓመት ብቻ ያለው ልጅ ዕጣው ካልወጣለት ሻንጣውን ማዘጋጀት ይጀምራል፤ ሦስት ዓመት ያለው ግን እየሠራ፣ ደመወዙን እየበላ፣ ለሁለተኛም ለሦስተኛም ጊዜ ይሞክራል። ቀጣሪውም ይሄን ያውቃል፣ በዓመቱ ሊሄድበት የሚችል ሰው ማሠልጠን አይፈልግም። በሴፕቴምበር 2025 ከውጭ አገር ለሚመጣ አዲስ የኤች-ዋን-ቢ ሠራተኛ 100,000 ዶላር ይከፈል ተብሎ ከታወጀ ወዲህማ፣ እዚሁ ሆኖ መጠበቅ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አስቡት።

ዩኒቨርሲቲዎቹም ነገሩ ገብቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሳይመን ቢዝነስ ስኩል ኤምቢኤውን ስቴም አድርጎ ብቅ ሲል ሌሎቹም ተከተሉ። አንዳንዱ ጋ ስታቲስቲክሱና ሞዴሊንጉ የምር ጨምሯል። አንዳንዱ ጋ ግን የተቀየረው ታፔላው ነው ባይ ነኝ።

ልጁ ደግሞ "እኔ እኮ ኢንጂነር ነኝ፣ ዲግሪዬ ራሱ ስቴም ነው" አለኝ። ብዙ የኛ ልጆች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። ቀደም ሲል በተያዘ የስቴም ዲግሪ ኦፒቲውን ማስረዘም ይቻላል፣ ዲግሪው ግን ዕውቅና ካለው የአሜሪካ ትምህርት ቤት፣ ያውም ባለፉት 10 ዓመታት የተገኘ መሆን አለበት። አዲስ አበባ አምስት ዓመት ሙሉ የተለፋበት ኢንጂነሪንግ ለዚህ ጉዳይ አይቆጠርም። ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ "በቃ ተወው" ብሎ ስልኩን ዘጋ፣ ማታ መልሶ ደወለ።

ቀጣሪውን በተመለከተም ጽሑፋችሁ ምንም አላለም። ለ24ቱ ወር ቀጣሪው ኢ-ቬሪፋይ በሚባለው ሠራተኛው የመሥራት ፈቃድ እንዳለው በሚያጣራው የመንግሥት ሥርዓት የተመዘገበ መሆን አለበት፣ ሥራው ቢያንስ በሳምንት 20 ሰዓትና ደመወዝ ያለው፣ አይ-983 የተባለ የሥልጠና ዕቅድም በሁለቱም ወገን ይፈረማል። ስለዚህ አንድ ዘመድ ቢሮ ለጊዜው በነጻ ልጠጋ ማለት እዚህ ላይ አይሠራም። ያለ ሥራ መቀመጥም ገደብ አለው፦ በመጀመሪያው ዓመት 90 ቀን፣ ከጭማሪው ጋር በጠቅላላው 150። ማመልከቻው ደግሞ የመጀመሪያው ፈቃድ ሳያልቅ መግባት አለበት። አንድ ቀን ካለፈ አለፈ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያ ጥያቄዬ ልመለስ። በዲቪ መጥቶ ግሪን ካርድ የያዘ ወይም እዚሁ የተወለደ ልጅ ይሄ ሁሉ አይመለከተውም! እሱ እስከፈለገ ድረስ መሥራት ይችላል። ግን ለቅሶ ቤት ሳይቀር ወላጆች "የኔ ልጅ ስቴም ኤምቢኤ ነው የገባችው" ሲሉ እሰማለሁ። ዜጋ ናት እኮ! ለሷ የሚጠቅማት ውስጡ ያለው ትምህርት ነው። ዳታ መተንተን፣ ኤስኪውኤል (ከዳታቤዝ መረጃ ማውጫ ቋንቋ)፣ ትንበያ መሥራት ካስተማሯት እሰየው። እኔ በሂሳብ ሥራ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ሰውም ቀጥሬአለሁ፣ የዲግሪህ ኮድ ስንት ነው ብዬ የጠየቅኩት አንድም ሰው የለም። ኤክሴል ከፍተው የተዘበራረቀ ሠንጠረዥ እንዲያስተካክሉ ነው የምሰጣቸው።

የእህቴ ልጅ መጨረሻ ላይ ውዱን አልያዘም። ለርካሹ ዩኒቨርሲቲ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ኢሜይል ጻፈ፣ እኔ ነኝ ጻፍ ያልኩት። በሦስተኛው ቀን መልስ መጣለት፦ የቢዝነስ አናሊቲክስ (የቢዝነስ ዳታ ትንተና) ዘርፉን ከመረጥክ ኮዱ ይቀየራል። አዲሱን አይ-20 ሲልክልኝ መጀመሪያ ያየሁት ያችኑ መስመር ነው። 30.7102 ትላለች። ዝርዝሩ ውስጥ አለች፣ የገባችውም እ.ኤ.አ. በ2022 ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ