«እሺ» ስላሉሽ እንዳታምኚ

ሚጣዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ብቻ አትጠይቂኝ።

እሑድ ጎረቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። እህቷን ስታስታምም ሰንብታ የመጣች አንዲት ሴት ነበረች። እህቷ የተኛችው አንቺ የምትሠሪበት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው። እናትሽ መሆኔን አላወቀችም። «አንዲት ቀጭን ዶክተር እየሄደች ነገረችን፣ እሺ አልናት» አለች። «ምን አለቻችሁ?» ብላት አታውቀውም። ሁለተኛውን ሳልጠጣ ተነሣሁ።

ልጄ፣ እሺ ስላሉሽ ገባቸው ብለሽ እንዳታምኚ።

አባትሽ የታመመ ጊዜ አንቺ 8ኛ ክፍል ነበርሽ። ያልነገርኩሽ ነገር አለ። በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ በር ላይ ቆሞ «ስቴብል ነው» አለኝ። እሺ አልኩ። ዳነ ማለት መሰለኝ። ማሽን እየተነፈሰለትም ስቴብል እንደሚባል፣ ለጊዜው ባለበት ነው ማለት እንጂ ተሻለው ማለት እንዳልሆነ ማን ይንገረኝ? ሮጬ ለአያትሽ ደወልኩ። «ተሽሎታል እማማ፣ በዚህ ዝናብ አይንገላቱ» አልኳቸው። ሌሊቱን አረፈ። እሳቸው የደረሱት ለሠልስቱ ነው። እስኪሞቱ አንድ ቀን አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐኪሙ ክፉ አልነበረም። ዓይኑ እንቅልፍ በማጣት ደም መስሎ ነበር። አንቺም እንደዚያው እንደምትሆኚ አውቃለሁ። ተረኛ ስትሆኚ ሳትበዪ አትግቢ፤ በሶ ልኬልሻለሁ።

ግን ቁጭ ብለሽ ንገሪ። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣውን የፈረንሳዮቹን ጥናት ያጫወትሽኝ አንቺ አይደለሽ? በ22 ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች፣ ሊሞት ከተቃረበ ሰው ቤተሰብ ጋር የተነጋገሩትን። እንደ ወትሮው ሲሆን ውይይቱ 20 ደቂቃ ገደማ፣ ቤተሰቡ የሚናገርበት 5 ብቻ። በአዲሱ መንገድ 30 ደቂቃ፣ ቤተሰቡ 14 ይናገራል። ስለ ሐዘን የሚያስረዳ ጽሑፍም ይሰጠዋል። ከሦስት ወር በኋላ የእነዚህኞቹ ጭንቀት ያነሰ ነበር። እኔ ያን ቀን የተናገርኩት አንድ ቃል ነው።

«ገባችሁ?» አትበያቸው፤ ዶክተር አክብሮ «አዎ» የማይል የለም። «ቤት ላሉት ምን ብላችሁ ትነግሯቸዋላችሁ?» በያቸው። ያኔ የገባውና ያልገባው ይለያል። የሚያሰጋ ከሆነ ደግሞ «ሩቅ ያለ ሰው ካላችሁ ዛሬ ጥሩት» በይ። አሟረተች ቢሉሽ ይበሉሽ። እሺ ካሉሽም አትመኚ፣ ነገም ድገሚላቸው።

ያቺ ሴት ሐሙስ ትመለሳለች። ፈልገሽ አስቀምጫት። በሶውን የያዘችው እሷ ናት። ዕቃውን መልሺልኝ፣ ክዳኑ እንዳይጠፋ።

እናትሽ