ለእትዬ ሙሉ፣ ስለ ናሆም መኪና

ሎስ አንጀለስ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ውድ እትዬ ሙሉ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ልጆቹስ? «እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ» ብዬ እንደ ድሮው መቀጠል ነበረብኝ፤ እውነቱ ግን ወገቤን ያመኛል። እናታችን ሰነፍ ሰው ስታይ «ተቀምጦ መብላት ያምረዋል» ትል ነበር። ተቀምጦ መብላት እንዲህ ወገብ እንደሚያጎብጥ ሳታይ አለፈች፤ ነፍሷን ይማረው።

ስልክ እያለ ወረቀት መያዜ እንዳይገርምሽ። ባለፈው እሑድ መስመሩ ሦስት ጊዜ ተቋርጦ ዋናውን ነገር ሳልነግርሽ ቀረሁ። የድምፅ መልእክት ብልክልሽ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ፊት ትከፍቺዋለሽ፤ ይህ ደንበኛ የሚሰማው ጉዳይ አይደለም። ጎረቤቴ ለገና ወደ አገር ስለምትገባ በእጅሽ ታደርስልኛለች።

ናሆም የላከልኝን የመኪና ሥራ ዕቅድ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አሥራ አንድ ገጽ ነው። ሠንጠረዥ አለው፣ ባለ ቀለም ግራፍ አለው፣ መግቢያው ላይ «የዘርፉ ዕምቅ አቅም» የሚል ርዕስ አለው። ልጁ ሦስተኛ ክፍል ሳለ ስለ ላም አንድ ገጽ ጻፍ ተብሎ ሁለት ቀን ማልቀሱን ስለማልረሳ ማን እንደጻፈለት ወዲያው ገባኝ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነው። አልተቆጣሁትም፤ እኔም ለቤት አከራዬ ደብዳቤ ስጽፍ እጠቀምበታለሁ፣ እንግሊዝኛዬን ሱፍ ያለብስልኛል። ነገር ግን በአሥራ አንዱ ገጽ ውስጥ «ጎማ» የሚል ቃል አንድ ጊዜ እንኳ የለም። መኪናው በወር ሠላሳ ቀን ይሠራል ይላል፤ ጥምቀት የለ፣ ፋሲካ የለ፣ ጉንፋን የለ፣ መብራት ጠፍቶ ባትሪው ሳይሞላ ያደረበት ሌሊት የለ። ጽሑፉ ያማረው ጎማ ቀይሮ በማያውቅ ስለተጻፈ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና መምረጡን አልቃወምም። በ2016 ጥር ላይ መንግሥት የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ ሲባል እዚህ ያለን ሹፌሮች ሳቅን። ካሊፎርኒያ እንኳ አዲስ የነዳጅ መኪና መሸጥ እንዲቆም የወሰነችው በፈረንጆቹ ለ2035 ነበር። አሁን ሳስበው ግን ነገሩ የሚያስቅ አይደለም። ነዳጅ በዶላር ይገዛል፣ መብራቱ ከራሳችን ውኃ ይመጣል። ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቆ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው ሲባል፣ በየምክንያቱ የሚጣላው የእኛ ማኅበረሰብ ለአንድ ቀን አፉን ዘግቶ ቴሌቪዥን አየ። የቦንዱ ወረቀት ከፓስፖርቴ ጋር እንደተቀመጠ ነው። እኔም ያን ቀን አልቅሻለሁ፣ አልደብቅሽም።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው። ናሆም መኪናውን ገዝቶ በስልክ መተግበሪያ ልሠራ ነው ይላል፤ አንቺ ደግሞ ለብድሩ ቤቱን በዋስትና ላስይዝለት ነው ብለሽኛል። እኔ በዚህ ሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝና የማውቀውን ልንገርሽ።

ከወር በፊት ከአውሮፕላን ማረፊያ አንዲት ሴትዮ ጫንኩ። መንገድ ላይ ተጨናንቀን ስንቆም «61 ዶላር ለዚህች መንገድ!» ብለው ተማረሩ። እኔ ስልኬ ላይ የተጻፈልኝ 27 ነው። አሳየኋቸው። ሁለታችንም ዝም አልን። መርካቶ ያለ ደላላ እንኳ በሻጭና በገዢ መካከል ቆሞ ሲያወራርድ ፊቱን ታይዋለሽ፣ ትሰድቢዋለሽ፣ ሲብስም ትተሽው ትሄጃለሽ። ይህኛው ደላላ፣ መተግበሪያው፣ ፊት የለውም። ዛሬ ለአንድ መንገድ ይህን ያህል ይሰጥሻል፣ ነገ ለዚያው መንገድ ይቀንሳል፣ ለምን ብትይ የሚመልስልሽ የለም። አንድ ጊዜ ማን እንደሆነ የማላውቀው ተሳፋሪ ከስሶኝ ለአምስት ቀን ከሥራ ዘጉኝ። ቤቴ ቁጭ ብዬ አቤቱታ ስጽፍ የሚመልስልኝ ማሽን ነበር፤ በጣም ትሑት ማሽን ነው፣ በየመልሱ ያመሰግነኛል። በስድስተኛው ቀን ከፈቱልኝ። ይቅርታም አልጠየቁኝ፣ ጥፋቴንም አልነገሩኝ።

ደግሞ የምናዘዝልሽ ነገር አለ። በፈረንጆቹ 2020 በዚህ ክፍለ ግዛት ፕሮፖዚሽን 22 የሚባል ጉዳይ ለሕዝበ ውሳኔ ቀርቦ ነበር። ጥያቄው ሹፌሮቹ ተቀጣሪ ይሁኑ ወይስ በራሳቸው የሚሠሩ ነጋዴዎች ሆነው ይቀጥሉ የሚል ነው። ኩባንያዎቹ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለቅስቀሳ አፈሰሱ። ስልካችን ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ የአውቶቡሱ ጎን ላይ ሁሉ «ነፃነትህን ጠብቅ» ይለን ነበር። እኔም ወንድምሽ፣ የማንም አሽከር አልሆንም ብዬ፣ ለኩባንያዎቹ ድምፄን ሰጠሁ። አሸነፉ። ከዚያ በኋላ ነው ጥቃቅኑን ጽሑፍ ያነበብኩት፤ ዋስትና የተሰጠኝ ዝቅተኛ ክፍያ የሚቆጠረው ጥሪውን ከተቀበልኩ ጀምሮ ተሳፋሪውን እስካወርድ ላለው ጊዜ ብቻ ነው። ሥራ ስጠብቅ የማሳልፈው ሰዓት ሰዓት አይደለም። አንቺ ሱቅሽን ከፍተሽ ደንበኛ እስኪመጣ የተቀመጥሽበትን ሰዓት ማንም ባይከፍልሽም፣ ቢያንስ የሽሮውን ዋጋ የምትቆርጪው አንቺ ነሽ። እኔ ነጋዴ ተብዬ ዋጋዬን የማላውቅ ነጋዴ ነኝ። ዘንድሮ መስከረም ላይ ደግሞ አገረ ገዢው ሹፌሮች ማኅበር አቋቁመው በጋራ እንዲደራደሩ የሚፈቅድ ሕግ ፈርመዋል። እስቲ እናያለን። የማኅበር ነገር እድራችንን ያስታውሰኛል፤ ጸሐፊው ጥሩ ከሆነ ይሠራል።

ሹፌር የሌላቸው መኪኖች እውነት ናቸው ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። እውነት ናቸው። ዌይሞ ይባላሉ፣ ነጫጭ ናቸው፣ ጣራቸው ላይ እንደ ቆብ የተቀመጠ መሣሪያ አላቸው። እዚህ ከተማ በፈረንጆቹ ከ2024 ኅዳር ጀምሮ ማንም ሰው ጠርቶ ይሳፈርባቸዋል። ባለፈው ቅዳሜ ፌርፋክስ ላይ፣ ማለትም በፈረንጆቹ ከ2002 ጀምሮ ትንሿ ኢትዮጵያ ተብሎ በተሰየመው ሰፈራችን፣ አንድ አባት ነጠላቸውን እንደለበሱ መንገድ ሲያቋርጡ ባዶው መኪና ቆመላቸው። እሳቸውም ጎንበስ ብለው «እግዜር ይስጥልኝ» አሉት። ሁላችንም ሳቅን። ቆይቼ ግን ሳቄ ጠፋ፤ እሱ መኪና ወገቡን አያመው፣ አያዛጋ፣ ለእህቱ ገንዘብ አይልክ። ናሆም ዕዳውን ከፍሎ እስኪጨርስ አዲስ አበባ ይደርሳሉ እያልኩ አይደለም፤ የእኛ ከተማ ሚኒባስና ረዳቱ ለእነዚህ ማሽኖች ገና ብዙ ፈተና ነው። ግን ሥራውን የሚሰጥሽ ኩባንያ አንቺን ሳይጠይቅ ዋጋ መቁረጥ ከቻለ፣ አንቺን ሳይጠይቅ ሊተካሽም እንደሚችል ልጁ ይወቀው።

ይህ የሹፌር ሮሮ ብቻ እንዳይመስልሽ። በፈረንጆቹ 2023 እዚህ የፊልም ጸሐፊዎች 148 ቀን ሥራ አቆሙ፣ ተዋናዮቹም ተከትለዋቸው 118 ቀን። ሆሊዉድ ባዶውን ቀረ። ቀይ ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ የያዘ ጎልማሳ ጸሐፊ ከአንዱ ስቱዲዮ በር ላይ ጫንኩና እኔ ያለቅጥ ጠያቂ ስለሆንኩ ምን ሆናችሁ አልኩት። ገንዘቡ አለ፣ የሥራው ማነስ አለ፣ ደግሞ ማሽኑ እንዳይጽፍብን አለኝ። ተዋናዮቹም ፊታቸውና ድምፃቸው አንድ ጊዜ ተቀርጾ ለዘላለም እንዳይሠራበት ፈርተው ነበር። በመጨረሻ ጸሐፊዎቹ ማሽን እንደ ደራሲ እንዳይቆጠር በውላቸው አስጻፉ። ያን ሰውዬ ሳወርደው ጉርሻ ሰጠኝ፤ ሥራ የሌለው ሰው የሰጠኝ ጉርሻ ስለሆነ አልረሳውም።

ሳስበው ይህን ክርክር እኛም ቀድመን ጀምረነው ነበር። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ተከፍቶ የቱርክ ድራማ በአማርኛ መናገር ሲጀምር የቴአትርና የፊልም ባለሙያዎቻችን ቅር ተሰኝተው አልነበር? አንቺ ግን በዚያ ሰዓት ስልክ አታነሺም ነበር፤ ወጥ አሳርረሽም ታውቂያለሽ። እኔ ደግሞ ሲኒማ ራስ ወስደሽኝ የሕንድ ፊልም ያየሁት ልጅ ነኝ፤ ቋንቋው ሳይገባን ሁለታችንም እንባችንን ስንጠርግ ነው የወጣነው። ስለዚህ የውጭ ፊልም ይቅር ብዬ የምከራከርበት አፍ የለኝም። አሁን በዩቲዩብ የሚለቀቁትን የአማርኛ ፊልሞች ሥራ በሌለኝ ሰዓት መኪና ውስጥ አያለሁ። ግማሾቹ አንድ ሳሎን ውስጥ ተጀምረው እዚያው ያልቃሉ፣ ሀብታሙ አባት ሁልጊዜ ልብ ድካም አለበት። ግን አንዳንዱ ላይ የእኛ ሰፈር ድምፅ አለ፤ የቆሻሻ ገፊው ጋሪ፣ የጎረቤት ቡና ወቀጣ። ለዚያ ስል እታገሣለሁ።

የሱቅሽን ነገር ከጠየቅሽኝ በቴሌብር መሸጥሽ ደግ ነው፤ ብቻ ገንዘቡ የገባበት መልእክት በራስሽ ስልክ ሳይደርስ በርበሬ አትስጪ። ደንበኛው የሚያሳይሽ የከፈለበት ምስል ብር አይደለም፤ ባለፈው የተበላሽው እንደዚያ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን መግዛትሽን ስሰማ ግን ኮራሁ። 33 አክሲዮን በ300 ብር፣ 9,900 ብር፤ ትንሹን መጠን ነው የገዛሽው፣ ቢሆንም ባለ ድርሻ ነሽ። እኔ ዜግነት ስለቀየርኩ አይፈቀድልኝም ነበር። ከቤተሰቡ ካፒታሊስቷ አንቺ ሆንሽ፣ አሜሪካ ያለሁት ደግሞ ላብ አደሩ።

ብሩ በ2016 ሐምሌ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የምልክልሽ ዶላር ቁጥሩ አብጧል፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው በአጭር ጊዜ ከመቶ አለፈ። ዘይቱና ጤፉም አብሮ ማበጡን ስለነገርሽኝ ግን «አበዛህልኝ» ብለሽ አታመስግኚኝ። በዚህ ጉዳይ እዚህ ካፌ ውስጥ በየሳምንቱ አንድ መንግሥት እናወርዳለን፣ አንድ እንሾማለን፤ ቡናው ሲያልቅ ሁላችንም ወደ መኪናችን። የፒያሳን አዲስ መንገድ በቪዲዮ አይቻለሁ። ሰፊ ነው፣ ያምራል፣ መብራቱ ደስ ይላል። ግን ካሜራው ሲዞር ሻይ የምታፈላዋን ሴትዮ ፈለግኋት። ከስንት ዓመት በኋላ ስመጣ መንገዱን የማልጠይቅበት ከተማ ይሆናል ብዬ ነበር፤ አሁን ናሆም እጄን ይዞ ያሳየኛል።

ወደ ናሆም ልመለስ። ቤቱን አታስይዢ። ይህ ልመና ነው፣ ከእግርሽ ሥር ወድቄ። የአባታችን ቤት በማናውቀው ሰው ስልክ ውስጥ ባለ ዋጋ ላይ አይንጠልጠል። እኔ ለመጦሪያ ብዬ ካስቀመጥኩት ላይ የመኪናውን ግማሽ ዋጋ እልካለሁ፣ በብድር ሳይሆን በድርሻ፤ አክሲዮን ተከልክያለሁና በመኪናው ልካስ። ቀሪውን እሱ እየሠራ ካጠራቀመው ላይ ይጨምርበት፣ ባይበቃ አንድ ዓመት ይቆይ ወይም ያገለገለ ይግዛ፤ ያገለገለ ከሆነ ግን ባትሪውን በባለሙያ ሳያስመረምር እንዳይከፍል። ጠዋትና ማታ የሰፈሩን ተማሪዎች ያመላልስ። ከወላጆቹ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ በወር ስንት እንደሆነ ይነጋገር፣ ይከራከር፣ ይጨባበጥ። መተግበሪያውን በመሀል ላለው ባዶ ሰዓት ይክፈተው፣ አልጠላውም፤ እኔም የበላሁት ከእሱ ነው። እነዚያ ወላጆች ግን ልጁ ቢታመም ስልክ ደውለው «ምን ሆንክ?» ይሉታል። ዕቅዱንም እንደገና ይጻፈው፣ በእጁ፣ በአንድ ገጽ፣ ጎማ ያለበት። በየስንት ጊዜው እንደሚያልቅ ሹፌሮችን ይጠይቅ።

ጎረቤቴ የምትገባው ታኅሣሥ 22 ማለዳ ነው። ናሆም ቦሌ ሊቀበላት ሲሄድ በስልክ መኪና ይጥራ፣ ከኋላ ሳይሆን ከፊት ይቀመጥ፣ ሹፌሩን ትናንት ስንት ሰዓት እንደተኛ ይጠይቀው።

ስትመለስ ሁለት ኪሎ የሚይዝ ቦታ ሻንጣዋ ውስጥ አስቀርታልኛለች። አንድ ኪሎ በርበሬ፣ አንድ ኪሎ ሽሮ። በርበሬው ባለፈው ጊዜ ጨው በዝቶበት ነበር፤ አንቺ ነሽ ወይስ ሠራተኛዋ?

ታናሽ ወንድምሽ
ግርማ