ካርታው አንተ ጋ ይሆን?

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ድንገት ስጽፍልህ ቅር ቢልህ አይፈረድብህም። ጥፋቱ የኔ ነው። የመጨረሻው መልእክትህ የደረሰኝ ሥራ ተደራርቦብኝ ቀና ማለት ባቃተኝ ሰሞን ነበር። ነገ እመልስለታለሁ ስል ነገው ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ዓመት። ከዚያ በኋላ ደግሞ ዝምታው ራሱ አሳፈረኝና ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። ይቅር በለኝ።

ዛሬ ያስጀመረኝ አንድ ካርቶን ነው። ቤት ልቀይር ዕቃ ሳሰናዳ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ የዜልዳው የቪዲዮ ጌም ካርቶን ወረደ። ፊቱ ላይ ትንሽ መስኮት ተቆርጦለት ወርቃማው ካሴት በዚያ በኩል ብልጭ የሚለው፣ አስታወስከው? ሌላው የኒንቴንዶ ካሴት አብዛኛው ግራጫ ሆኖ ሳለ እሱ ወርቅ መስሎ መጣ፤ ገና ሳትከፍተው ውስጡ የከበረ ነገር እንዳለ ይነግርህ ነበር። አሁን ማዕዘኖቹ ላልተዋል፣ አንደኛው ክዳን አንተ በለጠፍክበት ፕላስተር ነው የቆመው። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ከፈትኩት። ካሴቱ አለ። መመሪያው አለ። ካርታው ግን የለም።

መመሪያውን ገለጥኩት። የወረቀቱ ጫፍ ጫፍ ቢጫ ሆኗል፣ ስቴፕለሩ ዝጎ አጠገቡ ያለውን ገጽ አቅልሞታል። በየኅዳጉ ያንተ የእርሳስ ጽሕፈት አለ። «ይህን ቁጥቋጦ አቃጥለው» ይላል አንዱ፤ ከሥሩ ሦስት ጊዜ አስምረህበታል። ወረድ ብሎ «እዚህ ግድግዳ ላይ ቦምብ» ብለህ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አድርገሃል። ከዚያ የጥያቄ ምልክቱን ሰርዘህ «አዎ!» ብለሃል። ያ «አዎ» የተጻፈበትን ማታ አስታውሳለሁ። ግድግዳው ሲከፈት ጮኸን ከጓዳ «ምን ሆናችሁ!» እያሉ የመጡብን ማታ ነው።

ጆይስቲኩ አንድ ነበር፤ እኔ እይዘዋለሁ፣ አንተ መጽሐፉን ትይዛለህ። የማናውቀው ቃል ሲገጥምህ መዝገበ ቃላቱን ታገላብጣለህ፣ እኔ ጌሙን አቁሜ እጠብቅሃለሁ። ያኔ የተጎዳኸው አንተ ይመስለኝ ነበር፤ መጫወቱ የኔ፣ ማንበቡ ያንተ። ትናንት ኅዳጉን ሳየው ነው የገባኝ። መንገዱን ያወቅኸው አንተ ነህ፤ እኔ አውራ ጣቴን ነው ያንቀሳቀስኩት። መጨረሻ ላይ ስናጠፋው እንኳ ሥራው የሁለት ሰው ነበር። መመሪያው እንደሚያዘው ሪሴት የሚለውን ቁልፍ አንተ ተጭነህ ትይዛለህ፣ እኔ ማብሪያ ማጥፊያውን እጫናለሁ። እንዲያ ካልሆነ የደረስንበት ሊጠፋ ይችላል። አንድ ሰው በሁለት እጁ ሊያደርገው እንደሚችል አንዳችንም አላሰብንም።

ካርቶኑን ካገኘሁ ወዲህ ይህ ነገር ከልቤ አልወጣ ብሎ ከጌም ጋር ስለሚመጡት የመመሪያ መጽሐፎች ብዙ አነበብኩ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልህ።) መጀመሪያ የገረመኝ ብዙዎቹ የተወለዱት ከቦታ ማጣት መሆኑ ነው። በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ሙሉው 40 ኪሎባይት ነው። ዛሬ በስልክ የምታነሣት አንዲት ፎቶ ብዙ እጥፍ ትበልጠዋለች። ሥዕሉ፣ ሙዚቃው፣ ደረጃዎቹ ሁሉ እዚያች ውስጥ ተጠቅጥቀው ለታሪኩ ቦታ አልተረፈም፤ ስለዚህ ታሪኩ ወረቀት ላይ ወጣ። የጌሙ አገር እንጉዳይ መሳይ ሕዝቦች በአስማት ድንጋይና ጡብ ተደርገዋል የሚለው ያለው መመሪያው ላይ ነው፣ ቴሌቪዥኑ ላይ የለም። ይህን ያነበብክልኝ ቀን ትዝ ይልሃል? በጭንቅላቴ ጡብ እየሰባበርኩ ስሮጥ «እነሱ እኮ ሰዎች ናቸው» አልከኝ። እጄ ተያዘ። ለብዙ ቀን ጡብ ሳልነካ በሥር በሥሩ ነበር የማልፈው። ስክሪኑ ላይ ምንም አልተለወጠም፤ አንድ አረፍተ ነገር ከወረቀት ተነሥቶ ጌሙን ሌላ ጌም አደረገው።

ኢንፎኮም የሚባለው ድርጅት ደግሞ ችግሩን ጥበብ አድርጎታል። በ1982 ዴድላይን የተባለውን የነፍስ ግድያ ምርመራ ጌም ሲሠሩ ጽሑፉ ዲስኩ ላይ አልበቃ አላቸው። የተረፈውን የፖሊስ ፋይል አስመስለው ከካርቶኑ ውስጥ ከተቱት፤ የተጠርጣሪዎቹ ቃል፣ የአስከሬን ምርመራ ውጤት፣ የላቦራቶሪ ደብዳቤ፣ በትንሽ ከረጢት ደግሞ ከሟቹ አጠገብ የተገኘ ክኒን። ገዢው ኮምፒውተሩን ከማብራቱ በፊት ጠረጴዛው ላይ ሬሳ ሊመረምር ቁጭ ይላል ማለት ነው። ሰው ስለወደደው በኋላ በወጡት ጌሞቻቸውም ቀጠሉበት። ኡልቲማ 4 በ1985 የወጣው በጨርቅ ላይ ከታተመ ካርታ፣ ከሁለት መጽሐፍና ከብረት ከተሠራ አንክ ጋር ነው፤ አንክ ያ አናቱ ቀለበት የሆነ የጥንት ግብፆች መስቀል ነው። ፎልአውት በ1997 መመሪያውን ከኑክሌር ጦርነት ለተረፈ ሰው የተሰጠ መጽሐፍ አስመስሎ በጥምዝ ሽቦ ጠረዘው፣ ከኋላውም የምግብ አሠራር ሳይቀር አስገባበት። በዓመቱ የመጣው የጦር አውሮፕላን ጌም ፋልከን 4.0 ማኑዋሉ በቀለበት ማኅደር የተያዘ ከ500 ገጽ በላይ ነው። እሱን የምታነበው ልክ ለፈተና እንደምታጠና ነው። እኔ መቼም አልደፍረውም፤ አንተ ግን በአንድ ሳምንት ትጨርሰው ነበር።

ከሁሉ ያስቀናኝ ስታርትሮፒክስ ነው፤ እኛ አላገኘነውም። በ1990 የወጣ የኒንቴንዶ ጌም ነው። ካርቶኑ ውስጥ ካሴቱና መመሪያው አሉ፣ ከእነሱ ጋር ደግሞ አንድ ደብዳቤ አለ፤ የጌሙ ዋና ልጅ የሚፈልገው የጠፋው አጎቱ የጻፈው። ጌሙ መሐል ላይ ስትደርስ ደብዳቤውን ውኃ ውስጥ ንከረው ትባላለህ። ስክሪኑ ላይ ያለ ደብዳቤ አይደለም፣ እጅህ ላይ ያለውን ነው። ተነሥተህ ውኃ ታመጣለህ፣ ወረቀቱን ታጠልቀዋለህ፣ ምንም ካልነበረበት ቦታ ጽሕፈት ቀስ እያለ ብቅ ይላል፤ ለመቀጠል የሚያስፈልግህ ቁጥር፣ 747። ካሴቱን ብቻ የተዋሰ ሰው እዚያ ላይ ቆሞ ይቀራል። እስቲ አስበው፤ እኔ ጆይስቲኩን ይዤ፣ አንተ ሳህኑ ላይ አጎንብሰህ «እየመጣ ነው፣ እየመጣ ነው» ስትል።

የእኛው ደግሞ ሜታል ጊር ሶሊድ ነበር። በ1998 ሲወጣ ሜሪል የተባለችውን የጌሙን ገጸ ባሕርይ የምታገኝበትን የሬዲዮ ቁጥር ከሲዲው ሽፋን ጀርባ ላይ አተሙት፤ ጌሙ ውስጥም «የሲዲው ሽፋን ጀርባ ላይ ተመልከት» ትባላለህ። እኛ ጋ የነበረው በተራ ፕላስቲክ የተጠቀለለ ኮፒ ዲስክ ነው። ጀርባው ባዶ። ጌሙ ውስጥ የተሰጠን ዲስክ መስሎን እሱን ስናገላብጥ ዋልን። በመጨረሻ አንተ ከ140.00 ጀምረህ ቁጥሩን አንድ በአንድ መጥራት ያዝክ፣ እኔ እያስገባሁ፣ 140.15 ላይ ስትደርስ ድምፅዋ መጣ። ሽፋን ማለት ምን እንደሆነ ያን ቀን አወቅሁ። እንደ ልጣጭ ጥለነው የምናልፈው ሳይሆን የጌሙ አንድ አካል ነበር።

እንግዲህ ምን ነካው ትለኝ ይሆናል። በአንድ ቀን አልሞተም፤ ቀጠነ ብል ይቀለኛል። መጀመሪያ ትልልቁ የኮምፒውተር ጌም ካርቶን አነሰ፣ ከዚያ የፊልም ዲቪዲ ማቀፊያ የሚመስለው ፕላስቲክ መጣ። መጽሐፉ ባለ ቀለም የነበረው ጥቁርና ነጭ ሆነ፣ 50 ገጽ የነበረው 10፣ ከዚያም አንድ ታጣፊ ወረቀት። በ2010 ጌም አሳታሚው ዩቢሶፍት ለፕሌይስቴሽን 3 እና ለኤክስቦክስ 360 የሚያወጣቸው ጌሞች የታተመ መመሪያ እንደማይኖራቸው ተናገረ፤ በዓመቱ ሌላው አሳታሚ ኤሌክትሮኒክ አርትስም ተከተለ። ምክንያቱ ዛፍ ለማዳን ነው ተባለ። ዛፉን አልጠላም። ግን በዚያው ዘመን ሐውልትና የብረት ሣጥን ያለበት ውድ እትም ለብቻው ይሸጥ ነበር። ወረቀቱ ለሁሉ ሲሆን ብክነት፣ ከፍሎ ለሚወስድ ሲሆን ክብር ሆነ። ይህ አልተዋጠልኝም።

እውነቱን ለመናገር የሚገባኝ ምክንያትም አለ። መጽሐፍ ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄደው ጌሙ ሳያልቅ ነው። ድሮ ካሴት አንዴ ከተሠራ አይለወጥምና መጽሐፉም እንዳለ ይኖራል። ዛሬ ጌሙ በተሸጠበት ዕለት ማስተካከያ ይወርድለታል፣ በወሩ ደግሞ ሌላ፤ የታተመው ገና ሳይነበብ ስሕተት ይሆናል። አሁን ጌሙ ራሱ እያጫወተ ያስተምራል፤ ማንበብ የማይችል ሕፃን እንኳ በአምስት ደቂቃ ይገባዋል፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ የትኛው ቁልፍ እንደሚያዘልል የሚነግረኝ ወረቀት ቀረ ብዬ አላለቅስም። የቀረብኝ የአንተ ቦታ ነው። ስክሪኑ የሚያስተምረው ጆይስቲክ የያዘውን ብቻ ነው። ከጎን የተቀመጠ ሰው ምንም የሚይዘው የለውም፤ ጥቂት ያያል፣ ከዚያ ስልኩን ያወጣል።

ባለፈው አንድ አዲስ ጌም በሽፋኑ ገዛሁ። ስከፍተው አንዲት ካርድና ስለ ጤና ጥንቃቄ የምታወራ አንዲት ብጣሽ ወረቀት። መጽሐፍ ይይዝ የነበረው የፕላስቲክ ማቆልፊያ ግን ማቀፊያው ላይ አሁንም አለ፣ ምንም ሳይዝ። አሁንማ ከዚህም አልፏል፤ በ2025 የወጣው ኒንቴንዶ ስዊች 2 የተባለው የጌም መጫወቻ ካርዳቸው ውስጥ ጌሙ የሌለበት ጌሞች አሉት። ካርዱ ከኢንተርኔት እንድታወርድ የሚፈቅድልህ ቁልፍ ብቻ ነው።

ደስ የሚል ነገርም ልንገርህ። ቱኒክ የሚባል ጌም በ2022 ወጣ፤ ዋና ሠሪው አንድሩ ሻውልዲስ ነው። በጌሙ ዓለም ውስጥ ስትዞር የምትሰበስበው የዚያኑ የጌሙን መመሪያ ገጾች ነው፣ አንድ በአንድ፣ ቅደም ተከተላቸውን ሳይጠብቁ። የተጻፈው በማታውቀው ፊደል ነው፤ ሥዕሉን እያየህ ትገምታለህ፣ ልክ እኛ መዝገበ ቃላት ሳይኖረን እንደምናደርገው። አንድ ገጽ አግኝቼ ሳጎላው ኅዳጉ ላይ በእስክሪብቶ የተጫረ ነገር አየሁ። ከእኔ በፊት መጽሐፉን የያዘ ሰው የጻፈው ተደርጎ ነው የተሠራው። እኩለ ሌሊት አልፏል፣ ብቻዬን ነኝ፣ ጆይስቲኩን አስቀምጬ ዝም ብዬ አየሁት። ያን ጊዜ ነበር ልጽፍልህ የሚገባኝ። ደግሞ አዘገየሁት።

የድሮዎቹን መመሪያዎች ገጽ በገጽ ስካን አድርገው ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው ድረ ገጽ ላይ የሚያስቀምጡ ሰዎች አሉ፤ እጃቸው ይባረክ። የዜልዳውንም አገኘሁት፤ ንጹሕ ነው፣ ቀለሙም ከእኛው ይደምቃል። የቁጥቋጦው ገጽ ላይ ስደርስ ግን ኅዳጉ ነጭ ነው።

ትናንት ካሴቱን ሞከርኩት። ይሠራል። የእኛ ስም ግን የለም፤ ውስጡ ያለችው ባትሪ በዕድሜ ሞታ የደረስንበት ሁሉ ተሰርዟል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀመርኩ፣ መጽሐፍህን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ። ቁጥቋጦውን አቃጠልኩት፣ ደረጃው ተከፈተ። ሦስተኛው ዋሻ ላይ ስደርስ «ካርታው ላይ እይ» ብለህ ጽፈሃል፤ ሌላ ምንም አላልክም።

ካርታውን የወሰድከው አንተ ትመስለኛለህ፤ የተለያየን ቀን ቦርሳህ ኪስ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አይቻለሁ። ካለ አትላከው፣ በመንገድ ይጠፋል። ይዘኸው ና። ባትሪዋን አስቀይራታለሁ፤ አዲሱን ቤት ሳሰናዳ ከቴሌቪዥኑ ፊት ሁለት ወንበር አድርጌአለሁ፣ እርሳስም ቀርጬ አስቀምጬአለሁ።

የማይረሳህ ወንድምህ