እቶኑ በደረቁ ወራት ለምን ይጠፋል? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን የጻፋችሁልንን ሁሉ አንብበነዋል። የሚያበረታታ አለ፤ የሚያምም አለ። የሚበዛው ግን ቅሬታ ነው። ትዕዛዜ ለምን እስከ ዝናቡ ወራት ተገፋ? ቀዩ ብርጭቆ ለምን ተወደደ? ለአትክልት ቦታ የሚሆኑት የብርጭቆ ኳሶች የት ገቡ? አንድ ሰው ደግሞ «ስም ስታወጡ እረፍት አማራችሁ» ብሎናል። ለእሱስ ዝም ልል ነበር፤ አላስችል አለኝ።

ስላስጠበቅናችሁ ይቅርታ። በተለይ ስጦታ ልትሰጡበት ያሰባችሁት ቀን ላለፈባችሁ፣ ከልብ ይቅርታ። ውሳኔው ግን እንዳለ ነው። ምክንያቱን ከነዝርዝሩ ልንገራችሁ፤ ደብዳቤው ቢረዝም ታገሱኝ።

ከእንግዲህ ብርጭቆ የምናቀልጥበት ትልቁ እቶናችን የሚነድደው ወርክሾፓችን ያለበት ጫካ እርጥብ በሆነባቸው ወራት ብቻ ነው። መሬት ላይ ያለው ቅጠል ሲረገጥ መንኮሻኮሽ ከጀመረ እናጠፋዋለን። ዝናቡ እስኪመለስም አይለኮስም። ነገሩ ይኸው ነው።

እቶን እንደ ወጥ ቤት ምድጃ በፈለጉት ሰዓት የሚያበሩትና የሚያጠፉት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ብርጭቆውን በቱቦ ጠቅልለን እያወጣን ስንነፋ ሙቀቱ 1,100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። አሸዋውን ከሶዳና ከኖራ ጋር ስናቀልጥ ደግሞ ከዚያም በላይ ይወጣል። ስለዚህ አንዴ ከተለኮሰ ሌሊትም አይጠፋም። ሠራንም ተኛንም ጋዙ ይሄዳል። በየማታው እናጥፋው ብንል ማቅለጫው ማሰሮ ውስጥ የቀረው ብርጭቆ ሲቀዘቅዝ ማሰሮውን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ መልሶ ማሞቁ ደግሞ በጥቂት በጥቂቱ የሚደረግ፣ ቀናት የሚፈጅ ሥራ ነው። «ለእኔ ብቻ አንድ ቀን አብሩልኝ» ላላችሁን ወዳጆች መልሱ ይኸው ነው። የሚቻል ቢሆን ለእናንተ አንሰስትም።

እና ይህ ሁሉ እሳት ያለው ጫካ ውስጥ ነው። ዛፎቹ ከወርክሾፑ ጣሪያ በላይ ናቸው፤ ቤታችንም ከወርክሾፑ ብዙ አይርቅም። በደረቁ ጊዜ ነፋስ በተነሳ ቁጥር ከመካከላችን አንዱ ሳይተኛ ያድራል። የጭስ ማውጫውን ያያል፣ ጣሪያ ላይ የተከመረውን ቅጠል ይጠርጋል፣ የውሃውን ጎማ ዘርግቶ ያዘጋጃል። ጠዋት ደግሞ ያው ሰው ሥራ ይገባል። ይህን ለዓመታት አደረግነው። አላወራነውም። የአበባ ማስቀመጫ ለገዛ ሰው ከጀርባው ያለውን ፍርሃት መንገር ምን ይሉታል ብለን ነው። አሁን ግን «ሰነፉ» ሲባል ያ ሁሉ ሌሊት ትዝ አለኝ።

ደግሞ ፍርሃቱ የእኛ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1291 የቬኒስ መንግሥት ብርጭቆ ሠሪዎች እቶናቸውን ነቅለው ወደ ሙራኖ ደሴት እንዲሄዱ ያዘዘው አንዱ ምክንያት የእሳት ስጋት ነበር። የከተማዋ ቤቶች በብዛት የእንጨት ነበሩና። እነሱ በእሳቱና በቤቱ መሃል ባሕር አስገቡ። እኛ ባሕር የለንም። ያለን አትክልት ነው።

ይህን ስል ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ብዙዎቻችሁ የምትወዱትና ፎቶ የምትነሱበት አትክልት የተጀመረው ለውበት አልነበረም። መጀመሪያ እዚህ ስንመጣ እሳት ቢነሳ የሚይዘው እንዳያገኝ በወርክሾፑ ዙሪያ ያለውን ቁጥቋጦ መነጠርን። ራቁቱን የቀረውን አፈር ዝናቡ ያጥበው ጀመር። ስለዚህ ዝቅ ያለ፣ ውሃ የሚይዝ፣ ቶሎ የማይደርቅ ነገር መትከል ግድ ሆነ። ጎመኑ፣ ሰላጣው፣ ወፍራም ቅጠል ያላቸው አበቦች፣ ሁሉም የመጡት በዚህ መንገድ ነው። ከዚያ እጃችን ለመደ። ዘር ማስቀመጥ ተማርን፣ የወደቀውን ቅጠል ኮምፖስት ማድረግ ተማርን፣ ንቦቹም ሳንጠራቸው መጡ። አሁን ከሁለቱ ሥራ የቱ ዋናው እንደሆነ ብትጠይቁኝ ቶሎ አልመልስም።

ችግሩ ያ አረንጓዴ ቀለበት የሚከላከለን እርጥብ እስከሆነ ድረስ ነው። ውሃው ደግሞ ከጣሪያ የምናጠራቅመው የዝናብ ውሃ ነው። ወርክሾፑም ከዚያው ታንከር ነው የሚጠጣው። ብርጭቆ የምናከብበት የእንጨት ቅርጽ ማውጫ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ መዋል አለበት፣ በእጃችን ይዘን የምናለሰልስበት የጋዜጣ ጥቅልም በደንብ መርጠብ አለበት፣ የቱቦውና የመሣሪያው ማብረጃም ውሃ ነው። በደረቁ ወራት ታንከሩ ሲጎድል ከሁለት አንዱን መምረጥ ነው። ለአትክልቱ የነፈግነውን ውሃ እሳቱ አጠገብ አፍስሰን ስንሠራ፣ የሚጠብቀንን አጥር እያደረቅን ማለት ነው። ይህን መቀጠል አልቻልንም።

ብርጭቆና ጫካ ድሮም ሒሳብ አለባቸው። በመካከለኛው ዘመን በመካከለኛው አውሮፓ ብርጭቆ ሠሪዎች ጫካ ውስጥ ነበር የሚሠሩት። ማገዶው እዚያው ነው፤ አሸዋውን በቀላሉ እንዲቀልጥ የሚያደርገው አመድም ከዚያው ዛፍ ነው የሚገኘው። በጥሬ ዕቃው ውስጥ ካለው ብረት የተነሳ ብርጭቆው አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል፣ እስካሁን የጫካ ብርጭቆ እየተባለ ይጠራል። ዛፉ ሲያልቅ ነቅለው ወደሚቀጥለው ጫካ ይሄዱ ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ነገሩ በጣም ስለከፋ ንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊ እ.ኤ.አ. በ1615 ብርጭቆ በእንጨት እሳት እንዳይሠራ ከልክሏል። እኛ በእንጨት አናቀልጥም፤ ግን ያለንበት ጫካ በእኛ ሰበብ ቢቃጠል ወደሚቀጥለው የምንሄድበት ምክንያትም አቅምም የለንም።

«ታዲያ በኤሌክትሪክ ለምን አታደርጉትም?» ያላችሁን አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኛም አስበንበታል። ወደዚህ የሚመጣው መስመር በዛፎቹ መሃል ነው የሚያልፈው። ቅርንጫፍ በወደቀ ቁጥር መብራት ይሄዳል። የቀለጠ ብርጭቆ የያዘ ማሰሮ ደግሞ መብራት እስኪመጣ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ለማለዘቢያው እቶን እንኳ ጄኔሬተር ይዘን ነው የምንኖረው። ይቺን ማለዘቢያ ብዙ ሰው አያውቃትም። የተነፋው ዕቃ 500 ዲግሪ አካባቢ ገብቶ ቀስ እያለ ካልበረደ ውጪው ቀድሞ ይጠነክራል፣ ውስጡ ይወጠራል፣ ከዚያ አንድ ቀን መደርደሪያ ላይ ብቻውን ቷ! ይላል። ቀጭኗ ብርጭቆ አንድ ሌሊት ይበቃታል፤ ወፍራሙ ሳህን ቀናት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1934 አሜሪካ ላለው ለፓሎማር ቴሌስኮፕ የፈሰሰውን 5 ሜትር የሚሰፋ የብርጭቆ ዲስክ ለማብረድ 10 ወር ያህል ነው የፈጀው። ስለዚህ «አንድ ሳህን ይህን ያህል ይቆያል እንዴ?» ስትሉን ቅር ብንሰኝ አትፍረዱብን።

ሌላው ሐሳብ አሮጌ ጠርሙስ ሰብስባችሁ አቅልጡ፣ ይረክሳል የሚለው ነው። ጠርሙስ ብቻውን ይቀልጣል፣ ለተወሰነ ሥራም ይሆናል። ከእኛ ባለቀለም ብርጭቆ ጋር ግን አይስማማም። እያንዳንዱ የብርጭቆ ዓይነት ሲሞቅና ሲበርድ የሚሰፋውና የሚጠበው በራሱ መጠን ነው። ሁለት የማይስማሙ ብርጭቆዎችን አጋብታችሁ ብትነፉ ዕቃው ቤታችሁ ከደረሰ በኋላ ይሰነጠቃል፣ ቅሬታውም ወደ እኛው ይመጣል።

ወደ ዋጋው ልምጣ። የጋዙን ነገር እናንተም የምታውቁት ነው። ሁሉም ነገር ጨመረ፤ የማሰሮው፣ የእሳት ጡቡ፣ የማጓጓዣው፣ ዕቃው እንዳይሰበር የምንጠቀልልበት ካርቶን ሳይቀር። ከሁሉም ግን ቀዩ። ያ የምትወዱት ደማቅ ቀይ ቀለሙን የሚያገኘው ከወርቅ ነው። እውነተኛ ወርቅ፣ በጣም ትንሽ ቢሆንም ወርቅ ነው። መጀመሪያ ሲቀልጥ ቀለም የለውም ማለት ይቻላል፤ ተመልሶ ሲሞቅ ነው ቀይነቱ ብቅ የሚለው፣ እሱን ባየሁ ቁጥር አሁንም ልጅ ነው የምሆነው። የወርቅ ዋጋ ሲወጣ ቀዩም አብሮ ወጣ። ሰማያዊውን ኮባልት ነው የሚሰጠው፣ እሱም ርካሽ አይደለም፣ ግን እንደምንም ችለነዋል። ቀዩን መቻል አቃተን። ዋጋውን ሳንጨምር ቀለሙን እናሳሳው ብለን ሞክረን ነበር። የወጣው ሮዝ ነገር እኛኑ አሳፈረን፤ መልሰን አቀለጥነው።

ኳሶቹን በተመለከተ አጭር ነኝ። ውስጡ ድፍን የሆነ ጥርት ያለ የብርጭቆ ኳስ ፀሐይን አንድ ቦታ ይሰበስባል። ተረት አይደለም። ጆን ፍራንሲስ ካምቤል እ.ኤ.አ. በ1853 የፀሐይ ብርሃን መመዝገቢያ የሠራው በዚሁ ዘዴ ነው፤ ከእሱ የዳበረው መሣሪያ ለረጅም ጊዜ የአየር ሁኔታ ጣቢያዎች ላይ ሲያገለግል ኖሯል፣ ኳሱ የሰበሰበው ብርሃን ካርቶን ላይ የተቃጠለ መስመር እየተወ የፀሐዩን ሰዓት ይመዘግባል። እኛ ራሳችን እሳት ፈርተን እቶን እያጠፋን፣ ለእናንተ ደረቅ ሣር ላይ የሚቀመጥ ማቀጣጠያ አንሸጥም። የገዛችሁ ካላችሁ እባካችሁ ወደ ቤት አስገቡት፣ ከመስኮትም አርቁት።

አሁን ስለ እረፍቱ። እቶኑ ሲጠፋ ሥራ አይጠፋም። መቁረጡ፣ መሞረዱ፣ ማወልወሉ በቀዝቃዛ የሚሠራ ነው፤ ውሃ ይፈልጋል ግን እያጣራን ደጋግመን እንጠቀምበታለን። ደረቁ ወራት ቅርጽ የምንፈልግበትም ጊዜ ነው። የደረቀ የዘር ፍሬ ሲፈነዳ፣ የፈርን ቅጠል ተጠቅልሎ ሲወጣ አይቶ መሳል፣ የእኛ ሥራ ግማሹ እዚያ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ይቺን ቅርጽ ከየት አመጣችኋት?» ትሉናላችሁ። ከጎመኑ መደብ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

ትንሽ ስለራሴ ላንሳ፣ ከዚያ ወደ ጉዳያችሁ እመለሳለሁ። ይህን ሙያ የተማርኩት ዕድሜ ልካቸውን ሲነፉ የኖሩ አዛውንት ጋ ነው። መጀመሪያ ለረጅም ጊዜ ቱቦ አላስነኩኝም፤ ወለል ነበር የምጠርገው። የራሴ እቶን ይኖረኛል ብዬ አላሰብኩም፣ ብርጭቆ የፋብሪካ ሥራ ነው የሚመስለኝ የነበረው። ኋላ ነው ሃርቬይ ሊትልተንና ዶሚኒክ ላቢኖ እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካ ቶሌዶ ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን ሊሠራበት የሚችል ትንሽ እቶን መሥራት እንደሚቻል እንዳሳዩ የሰማሁት። ከተማ ውስጥ ለእቶን ቦታ የሚያከራየን አጣን፤ ጫካው ውስጥ ያለው መሬት ርካሽ ነበር፣ መጣን። መንገድ በሌለበት ዘመን ጭቃ ረግጣችሁ የመጣችሁ ደንበኞች አላችሁ። አረፋ የበዛበትን የመጀመሪያ ሥራችንን «አረፋውማ ውበቱ ነው» ብላችሁ የገዛችሁን አንረሳም። የወርክሾፑ ጣሪያ በእናንተ ቀብድ ነው የቆመው። ለዚህ ነው የሰሞኑ ቃል የከበደን። የማያውቀን ሰው ቢናገረን ያን ያህል አይሰማንም ነበር።

ጋዙን እየከፈልን፣ ሌሊቱን እየጠበቅን፣ ዓመቱን ሙሉ መሥራት እንችል ነበር፣ ለጥቂት ጊዜ። ከዚያ ወይ እንዘጋለን ወይ እንቃጠላለን። ግማሽ ዓመት ሠርተን ብንቆይ ይሻላል ብለን ነው የወሰንነው።

እስካሁን ያዘዛችሁ ሁሉ፣ ቀይም ጨምሮ፣ የምትከፍሉት በድሮው ዋጋ ነው። መጠበቅ የማትፈልጉ ቀብዳችሁ ሙሉውን ይመለሳል፤ አንቀየማችሁም፣ ተራችሁን ለሌላ እንሰጣለን። የተሸረፈ ዕቃ ያላችሁ ግን አሁን ነው ጊዜው፣ አምጡት፣ ከንፈሩን ሞርደን እናስተካክለዋለን። የምትጠብቁ ደግሞ ቀለማችሁን እቶኑ ከመለኮሱ በፊት አሳውቁን። ከነጣው ጀምረን ወደ ጠቆረው ነው የምናቀልጠው፤ ጥቁር ሰማያዊ ከገባ በኋላ «ነጩን ነበር የፈለግኩት» ብትሉን ማሰሮው አይመለስልንም።

ከአክብሮት ጋር፣
የእቶኑና የአትክልቱ ባለቤቶች